ምዕራፍ ስድስት፦ የነሐሴ ሽንኩርት፣ የመጋቢት ሽንኩርት

የአዲስ አበባ ሰው ስለ ኑሮ ውድነት ሲያወራ ብዙ ጊዜ ነገሩን በሽንኩርት ይጀምራል። ጤፍም ዘይትም ተወደዋል። ጤፍ ግን ሲወደድ የሚያመው በወር አንዴ ነው፤ ሽንኩርት በየሦስት ቀኑ ያማል። ደግሞ ምትክ የለውም። ሥጋ ቢወደድ ሽሮ አለ፤ ሽንኩርት ሲወደድ ሽሮውም፣ ምስሩም፣ ዶሮውም አብረው ይቸገራሉ። በነሐሴ መጨረሻ ጉልት ፊት የቆመ ገዢ ዋጋ ሲሰማ መናደዱ አይገርምም። ንዴቱም አድራሻ ይፈልግና ደላላው ላይ ያርፋል።

ደላላውን ነጻ ላወጣው አልተነሣሁም፤ ወደ እሱ እንመለሳለን። ከእሱ በፊት ግን ሊታይ የሚገባው ነገር አለ። በትኩስ ምርት ንግድ ዋጋ የሚቆርጠው የቀረው ቀን ነው። ይህ ቲማቲም ስንት ቀን ይቆያል? ይህ ሽንኩርት ስንት ሳምንት? የሚቀጥለው ምርት እስኪደርስ ስንት ወር ይቀራል? እነዚህን ሦስቱን መመለስ የሚችል ሰው የዛሬውን የጅምላ ዋጋ ሳይነግሩት ሊገምት ይችላል።

ጥያቄዎቹ በየሌሊቱ የሚጠየቁበት ቦታ ደግሞ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ ነው።

ከፒያሳ ወደ ኃይሌ ጋርመንት

የከተማዋ የአትክልትና ፍራፍሬ ጅምላ ገበያ ለአሥርት ዓመታት ፒያሳ ነበር። አትክልት ተራን የማያውቅ አልነበረም፦ ጠባብ መንገድ፣ ተራውን የሚጠብቅ አይሱዙ፣ ኬሻ በትከሻው ተሸክሞ መንገድ ልቀቁ እያለ የሚሮጥ ወዛደር፣ እግር ሥር የሚረገጥ የጎመን ቅጠል። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ-19 ሲመጣ ያ ግፊያ አስፈሪ ሆነና የከተማው አስተዳደር ገበያውን ወደ ጃንሜዳ አዛወረው። ጃንሜዳ ሰፊ ነው፣ አየርም አለው። ክረምት ሲገባ ግን ጭቃ ሆነ፤ ምርቱም ከጭቃው ጋር በሰበሰ። ከሁሉም በላይ ጃንሜዳ ታቦታት የሚያድሩበት የጥምቀት ቦታ ነው። ስለዚህ የ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ከመድረሱ በፊት ነጋዴው ጓዙን ዳግመኛ ጠቅልሎ ወደ ከተማዋ ደቡብ፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ ኃይሌ ጋርመንት ወደሚባለው ሰፈር ወረደ።

ብዙ ሰው ዝውውሩን የሚያስታውሰው እንደ ኮቪድ ዘመን ግርግር ነው። ካርታ ላይ ሲታይ ግን ትርጉሙ ይሰፋል። አዲስ አበባን አትክልት የሚያበላው አገር በአብዛኛው ከከተማዋ በስተ ደቡብ ነው። ቲማቲሙና ሽንኩርቱ ከቆቃ፣ ከአለም ጤና፣ ከመቂና ከባቱ ይመጣል። ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ድንች ከሻሸመኔ ዙሪያና ከኮፈሌ ደጋ፣ ሙዝ ደግሞ ከአርባ ምንጭ። ይህ ሁሉ ጭነት ቀድሞ ከተማዋን ሰንጥቆ ፒያሳ መድረስ ነበረበት፤ አሁን ደቡብ ዳርቻ ላይ ይራገፋል። የሞጆ–ሐዋሳ ፈጣን መንገድ እስከ ባቱ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ማታ የተጫነ ቲማቲም ሌሊቱ ሳይጋመስ ገበያ መድረስ ይችላል።

ወጪው ግን አልጠፋም፤ ከአይሱዙው ወርዶ ቸርቻሪዋ ትከሻ ላይ ወጣ። ኮተቤ ወይም ሽሮ ሜዳ የምትሸጥ ሴት ቀድሞ ፒያሳ ወርዳ ትመለስ ነበር፤ አሁን የከተማዋን ሙሉ ርዝመት ትሄዳለች። ከፎገራ የሚመጣው ሽንኩርትም በሱሉልታ በኩል በሰሜን ገብቶ ከተማዋን አቋርጦ ደቡብ ይራገፋል፤ ከዚያ የተወሰነው ተመልሶ ወደ ሰሜን ይጫናል። ጀሞና ለቡ የሚኖር ሰው በአንድ ኪሎ ላይ ጥቂት ብር ሲተርፍለት ከእንጦጦ ሥር የሚኖረው ያንን ይከፍላል። ገበያ አንድ ቦታ ሲሰበሰብ ይህ መቼም የማይቀር ነው፤ ጥያቄው ማን ይሸከመው የሚለው ብቻ ነው።

ሁለት ዓይነት ዓመት

ሸማች «አትክልት ተወደደ» ይላል። ገበሬ እንዲህ አይልም፤ ለእሱ አትክልት የሚባል አንድ ነገር የለም። ቢያንስ ሁለት ዓይነት አገር፣ ሁለት ዓይነት ዓመት አለ።

የመጀመሪያው የመስኖ አገር ነው። በባቱ ሐይቅ ዙሪያ፣ በመቂ ወንዝ ዳር፣ በአዋሽ ግራና ቀኝ ፓምፕ ተጠምዶ በበጋ ይታረሳል። ሽንኩርት መደብ ላይ ተዘርቶ ችግኝ እስኪሆን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል፤ ማሳ ላይ ከተተከለ በኋላ ደግሞ ሦስት ወር፣ ከዚያም በላይ። በጥቅምት መጀመሪያ የተዘራ በኅዳር መጨረሻ ይተከላል፤ የሚነቀለው ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ ነው። ፎገራም ከዚህ አይርቅም። በክረምት ሩዝ የነበረው ሜዳ ውኃው ሲሸሽ ከርብና ከጉማራ ወንዞች በፓምፕ እየጠጣ ሽንኩርት ይሆናል። ስለዚህ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ከደቡብም ከሰሜንም ሽንኩርት በአንድ ጊዜ ይመጣል። ኬሻ ይወደዳል፣ የመኪና ኪራይ ይወደዳል፤ ሽንኩርቱ ይረክሳል።

ለምን በክረምት አይመረትም? ውኃ ሞልቶ! መልሱ ያው ውኃው ነው። እርጥበት ሲበዛ የሽንኩርትን ቅጠል ሐምራዊ ነጠብጣብ ያለበት የሻጋታ በሽታ ይበላዋል። ቲማቲሙን የሚፈጀው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1845 የጀመረውን የአየርላንድ የድንች ረሃብ ያመጣው ያው ተሕዋሲ ነው፤ ቲማቲምና ድንች ዘመዳሞች ናቸውና ሁለቱንም ያጠቃል። በሽታውን በመድኃኒት ያሸነፈ ገበሬም ሌላ ነገር ይጠብቀዋል። ሽንኩርት ከተነቀለ በኋላ አንገቱ እስኪደርቅና ልጣጩ እስኪንኮሻኮሽ ጥላና ነፋስ ይፈልጋል። በሐምሌ ይህን ማን ይሰጠዋል? ጥቁር አፈሩ ውኃ ቋጥሯል፣ ሰማዩ አልተገለጠም፤ ሽንኩርቱ እርጥቡን ይጫናል፣ ኬሻ ውስጥ ይሞቃል፣ ከዚያ ይሸታል።

ሁለተኛው የደጋው አገር ነው፤ የእሱ ዓመት ይለያል። ድንች ወደ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1858 በጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ በሺምፐር አማካይነት ነው ይባላል፤ ደጋውን ተላመደና የክረምት ባለውለታ ሆነ። የበልግ ድንች የሚቆፈረው በሰኔና በሐምሌ፣ የእህሉ ጎተራ ሲሟጠጥ ነው። የክረምቱ ተራ ከነሐሴ ጀምሮ ይከተላል። ጥቅል ጎመንም ብርዱንና ዝናቡን ይወዳል። ስለዚህ ቲማቲምና ሽንኩርት ጣሪያ በነኩበት ሰሞን ድንችና ጎመን ብዙ ጊዜ በልክ ይገኛሉ። ባለሙያ እናቶች ይህንን ያለ ግራፍ ያውቁታል፤ በሐምሌ ድንች ወጥ የሚበዛው በአጋጣሚ አይደለም።

ጾሙ፣ ዓውዳመቱና ዝናቡ

እስካሁን ያየነው የአቅርቦቱን ዓመት ነው። ፍላጎትም የራሱ ዓመት አለው፤ የእሱን የሚያወጣው ባሕረ ሐሳብ ነው።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ሥጋና ቅቤ ከገበታ ይወርዳሉ፣ የአትክልት ፍላጎት ይጨምራል። ይህ መቼ ነው? ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ማለትም የመስኖው ምርት በሚወርድበት ወቅት። ፍላጎትና አቅርቦት አብረው ስለሚነሡ ዋጋው ብዙም አይፈነዳም። በ2017 እና በ2018 ዓ.ም. ረመዳንም ከዐቢይ ጾም ጋር ገጥሟል፤ ሳምቡሳውም ሽሮውም ከአንድ ማሳ ተካፈሉ። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ስለሚቀድም ይህ መገጣጠም አይዘልቅም።

ጾመ ፍልሰታ ግን ነሐሴ 1 ይገባል። ከዝናቡ መሐል፣ ሽንኩርት በሚያንስበት ልክ። ነሐሴ 16 ይፈሰካል፤ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ እንቁጣጣሽ፣ ከዚያ መስከረም 17 መስቀል። ዶሮ ወጥ የሠራ ሰው ያውቃል፦ ዶሮዋ አንዲት ናት፣ ሽንኩርቱ ግን በኪሎ ይቆጠራል። እንግዲህ በሰባት ሳምንት ገደማ ውስጥ አንድ ጾምና ሁለት ዓውዳመት፣ ያውም ምርት በሌለበት። የዓመቱ ከፍተኛ ዋጋ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ቢታይ ምን ይደንቃል? ማንም ባያሴር እንኳ ይታያል።

ጥቂት ሲጎድል ብዙ ሲወደድ

ይሁንና አንድ ነገር ይከነክናል። ምርቱ በሩብ ቢቀንስ ዋጋው ለምን በእጥፍ ይነሣል?

ለዚህ ጥያቄ ቁጥር የሰጡት የ17ኛው መቶ ዘመን እንግሊዛውያን ናቸው። ቻርልስ ዳቬናንት እ.ኤ.አ. በ1699 ያሳተመው፣ በግሪጎሪ ኪንግ ስም የሚጠራው ስሌት ስለ እህል እንዲህ ይላል፦ መከር ከወትሮው በአንድ አሥረኛ ሲጎድል ዋጋ በሦስት አሥረኛ ይጨምራል፤ በሁለት አሥረኛ ሲጎድል በስምንት አሥረኛ፤ በግማሽ ሲጎድል ደግሞ ከወትሮው ላይ አራት እጥፍ ተኩል ይደመራል። ቁጥሮቹ የእኛ አገር አይደሉም፤ ጠባዩ ግን የሽንኩርት ነው። ሰው ያለ እሱ መኖር የማይችለውን ነገር ሲያጣ መጠኑን በጥቂቱ ይቀንስና የቀረውን በዋጋ ይሻማል። ግማሽ ኪሎ ይገዛ የነበረው ትንሽ ይቀንሳል እንጂ አይተወውም።

ሕንዶች ይህን በፖለቲካ ከፍለውበታል። እ.ኤ.አ. በ1998 ዴልሂን ያስተዳድር የነበረው ፓርቲ በምርጫ ሲሸነፍ ዋናው ምክንያት ተብሎ የተጠቀሰው የሽንኩርት ዋጋ ነበር። እኛም በ2016 ዓ.ም. መግቢያ አንድ ኪሎ ሽንኩርት ከ100 ብር ሲያልፍ አይተናል። በዚያ ወቅት የክረምቱ እጥረት ብቻውን አልመጣም። በአማራ ክልል ግጭት ተነሥቶ መንገድ ይዘጋ ነበር፤ ከሱዳን ይገባ የነበረውም ሽንኩርት ጦርነት ገጥሞታል። ሦስት ትንንሽ ጉድለቶች ሲደራረቡ ዋጋው ሦስቱን ደምሮ አልቆመም፤ አባዛቸው።

አሁን ወደ ገበሬው ጓሮ እንግባ። መስከረም ላይ ያንን ዋጋ የሰማ የመቂ ወጣት ምን ያደርጋል? መሬት ይከራያል፣ ዘር ይገዛል፣ ችግኝ ያፈላል። ጎረቤቱም ሰምቷል፤ የፎገራውም ሰምቷል። ሁሉም ከአምስት ወር በኋላ በአንድ ሳምንት ይነቅላሉ። ዋጋው ለቀን ሠራተኛው እንኳ የማይከፍልበት ደረጃ ላይ ይወርድና አንዳንዱ ሽንኩርት ሳይነቀል ማሳው ላይ ይቀራል። የተቃጠለው ሰው በሚቀጥለው ዓመት በቆሎ ይዘራል። ሽንኩርት እንደገና ይጠፋል። የምጣኔ ሀብት ሰዎች ይህን ዙር በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) «የሸረሪት ድር» ብለውታል፤ የዋጋውና የመጠኑ መሥመር ሲሣል እንደ ድር እየዞረ ስለሚሄድ ነው። እኔ እዚህ ላይ የሚያስቆጨኝ አንድ ነገር ነው፦ ገበሬው ሞኝ ሆኖ አይደለም። በእጁ ያለው ብቸኛ መረጃ የትናንት ዋጋ ነው፤ በዚያው ወሰነ። ጎረቤቶቹ ስንት ሄክታር እንደተከሉ የሚነግረው ቢኖር ኖሮ ሌላ ነገር ይወስን ነበር።

ስለ ዋጋ ሲያነቡ አንድ ጥንቃቄ ያድርጉ። የነሐሴን ሽንኩርት ከመጋቢት ጋር አነጻጽሮ «በእጥፍ ጨመረ» የሚል ዜና ስለ ኑሮ ውድነት ምንም አልነገረዎትም፤ ስለ ዝናብ ነው የነገረዎት። ትክክለኛው ንጽጽር ከነሐሴ ወደ አምናው ነሐሴ ነው። እዚያ ላይ ጭማሪ ካዩ ምክንያቱ ወቅት አይደለም፦ ዘሩና መድኃኒቱ በአብዛኛው ከውጭ ይመጣል፣ ፓምፑና አይሱዙው ነዳጅ ይጠጣሉ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ ደግሞ ይህ ሁሉ በአዲስ ዋጋ ተሰላ።

ጥራትን ማንበብ

አንድ ኬሻ ሽንኩርት ሁለት ዋጋ አለው፤ ላዩና ሥሩ። ላዩ ሁልጊዜ ያምራል። ልምድ ያለው ጅምላ ገዢ ዓይኑን ትቶ በእጁ ነው የሚያየው፦ ኬሻውን ከጎኑ ይጫነዋል፣ ከሥር አንድ ሁለት ፍሬ ያስወጣል፣ አንገቱን በሁለት ጣት ይቆነጥጣል። አንገቱ ቀጭንና ደረቅ ከሆነ ሽንኩርቱ በሰዓቱ ተነቅሎ በደንብ ደርቋል፤ ሳምንታት ይቆያል። አንገቱ ወፍራምና ለስላሳ ከሆነ ገበሬው ዋጋ እንዳያመልጠው ቀድሞ ነቅሎታል፤ ብዙም አይቆይም። በልጣጩ ሥር ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ዱቄት ካለ ሻጋታ ጀምሯል። እነዚህ ሁለት ኬሻዎች አንድ ቀን፣ አንድ ተራ ላይ፣ በተለያየ ዋጋ ሲሸጡ የውጪ ሰው ማጭበርበር ይመስለዋል። ልዩነቱ ግን የቀረው ቀን ነው።

ቲማቲም ላይ ሰዓቱ ይፈጥናል። ከባቱ የሚመጣ ቲማቲም ገና መቅላት ሲጀምር ይለቀማል፤ መንገድ ላይ እየቀላ ይመጣል። የሚጫነው በእንጨት ሣጥን ነው፤ ሣጥኑ ጠርዙ ሻካራ ነው፣ አንዱ በአንዱ ላይ ሲደረደር የታችኛው ይጨፈለቃል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ የደረሰው ጠንካራ ቲማቲም የጠዋቱን ዋጋ ያገኛል። ረፋድ ላይ የቀረው ይወርዳል፤ የለሰለሰውን ምግብ ቤቶች ለስልስ ይወስዱታል፤ ከዚያም የቀረው ቆሻሻ ነው። ስለዚህ «የቲማቲም ዋጋ ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ ኃይሌ ጋርመንት ላይ መልስ የለውም። የትኛው ቲማቲም? በስንት ሰዓት?

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ ናቸው። አንድ ነጋዴ 50 ኩንታል ቲማቲም በኪሎ 30 ብር ገዛ፦ 150,000 ብር። ለመኪና፣ ለጫኝና አውራጅ፣ ለደላላ 20,000 ጨመረ፤ በድምሩ 170,000። ሁሉም ቢሸጥ በኪሎ 34 ብር ካገኘ ዋናውን ይመልሳል። ከአምስቱ አንዱ እጅ ግን ተጨፍልቆ ቀረ እንበል። የቀረው 40 ኩንታል ነው፤ ዋናውን ለመመለስ ብቻ በኪሎ 42 ብር ከ50 ሳንቲም መሸጥ አለበት። ሳንቲም ሳያተርፍ 8 ብር ከ50 ተጨመረ፤ ያንን ብር ማንም አልበላውም፣ የቆሻሻ ገንዳ ነው የበላው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ግምት ከመከር በኋላ ችርቻሮ ሳይደርስ የሚባክነው ምግብ በዓለም ደረጃ 14 በመቶ ያህል ነው፤ አትክልትና ፍራፍሬ ላይ ከ20 በመቶ ያልፋል። ይህ አማካይ ነው፣ ማቀዝቀዣ መኪና ያላቸውን አገሮችም ይጨምራል። በማሳና በጉልት መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት እያየን «ይሄ ሁሉ ትርፍ» ስንል አብዛኛውን ጊዜ ከሚዘርፈን ሰው ይልቅ ስለምንጥለው ቲማቲም እያወራን ነው።

ስለ ሙዝ አንድ ነገር ልጨምር፤ የተለየ ታሪክ አለውና። የአርባ ምንጭ ሙዝ የሚጫነው ጥሬውን፣ አረንጓዴውን ነው። ከ13 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ ልጣጩ ስለሚደበዝዝ የአዲስ አበባ ሌሊት አይስማማውም። ስለዚህ በዝግ ክፍል ተደርድሮ በላምባ ምድጃ ጭስ የሚያበስሉት አሉ። ይህን የሰማ ሰው ይደነግጣል፤ ግን ዘዴው እኛ አልፈጠርነውም። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የካሊፎርኒያ ሎሚ አምራቾች አረንጓዴውን ሎሚ ቢጫ የሚያደርጉት በላምባ ምድጃ ነበር፤ የሚሠራው ሙቀቱ ይመስላቸው ነበር። በሌላ ማሞቂያ ሲተኩት ሎሚው እንደ አረንጓዴ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1924 ፍራንክ ዴኒ የተባለ ተመራማሪ ሥራው የሙቀቱ ሳይሆን ከጭሱ የሚወጣው ኤቲሊን የተባለ ጋዝ መሆኑን አሳየ፤ ፍሬ ሲበስል ራሱም የሚያወጣው ጋዝ ነው። እንግዲህ ጭስ ቤቱ በመሠረቱ ትክክል ነው፤ ችግሩ ልኩን መቆጣጠር አለመቻሉ ነው። ልጣጩ ቢጫ፣ ውስጡ ጥሬ የሆነ፣ አልፎ አልፎም ላምባ ላምባ የሚል ሙዝ የሚመጣው ከዚህ ነው። ኤቲሊን ጎረቤትም አይመርጥም፤ ከበሰለ ሙዝ ጋር የተጫነ ጥቅል ጎመን ቅጠሉ ይገረጣል።

ደላላው

አሁን ወደ ተከሳሹ። ደላላ የሚያውቀው ነገር አለ፦ በዚህ ሳምንት የትኛው ማሳ እንደሚደርስ፣ ለቃሚ ከየት እንደሚገኝ፣ ኬሻና ሣጥን ማን ዘንድ እንዳለ፣ የትኛው ነጋዴ በቃሉ እንደሚከፍል። እነዚህን የሚያውቅ ሌላ ሰው ባለመኖሩ ያለ እሱ መኪናው ባዶውን ይመለሳል። ከመቶዎች ትንንሽ ማሳዎች አንድ አይሱዙ መሙላት ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ሥራም ዋጋ አለው።

ጥፋቱ የሚጀምረው ሁለቱን ወገን ለያይቶ ሲይዝ ነው። ገበሬው ኃይሌ ጋርመንት ላይ ስንት እንደዋለ አያውቅም፤ ነጋዴው ማሳው ላይ በስንት እንደተቆረጠ አያውቅም፤ ደላላው ሁለቱንም ያውቃል። ስልክ ይህን በመጠኑ አሻሽሎታል፤ ቢሆንም እውቀት ብቻውን አያድንም። ቲማቲሙን ለቅሞ ሣጥን ውስጥ ያስገባ ገበሬ ዋጋው እንደወረደ ቢነገረው ምን ያደርጋል? ወደ ግንዱ አይመልሰው! ለመደራደር ማስቀመጥ መቻል አለበት፤ ማስቀመጥ የማይችል ሻጭ የተነገረውን ይቀበላል። ነጋዴውም ረፋድ ላይ ቸርቻሪዋ ፊት ያው ነው።

ለዚህ ነው በደላላ ላይ የሚደረግ ዘመቻ ውጤቱ ከአንድ ሰሞን የማያልፈው። ዋጋ መተመንም እንዲሁ፤ ተመን ሲወጣ ጥሩው ሽንኩርት ሌላ መንገድ ፈልጎ ይሄድና በተመኑ የሚገኘው አንገተ ወፍራሙ ነው። ባለፉት ዓመታት የተስፋፋው የእሁድ ገበያ የተሻለ ሐሳብ ነው፤ አምራችና ሸማችን ፊት ለፊት ያገናኛል፣ ለጀሞና ለሳሪስ ነዋሪ የሳምንቱን ወጪ ያቀልለታል። ከዚያ በፊት የመንግሥቱ የአትክልትና ፍራፍሬ ድርጅት ኢትፍሩት ነበረ። የዚያ ዘመን ልጅ የላይኛው አዋሽን ብርቱካን በየሰፈሩ ካሉት የኢትፍሩት ሱቆች በኪሎ ገዝቷል፤ ድርጅቱ በ2008 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ሥራዎች ኮርፖሬሽን ውስጥ ተጠቃለለ። ሁለቱም የሽያጭ ቦታን ያሻሻሉ ናቸው። የሽንኩርትን ዕድሜ በአንድ ሳምንት አላራዘሙም።

ዕድሜ ማራዘም ደግሞ ምሥጢር አይደለም። በደንብ የደረቀ ሽንኩርት የሚፈልገው ውድ ማቀዝቀዣ አይደለም፤ ጣራ፣ ከመሬት ከፍ ያለ ርብራብና ከጎን የሚያልፍ ነፋስ ነው። ለምርጥ ዘር ድንች ከቆርቆሮና ከእንጨት የሚሠራው ብርሃን የሚያስገባ ማከማቻ በደጋው ወረዳዎች ለዓመታት አገልግሏል። ቲማቲም ላይ ከሻካራው የእንጨት ሣጥን ወደ ፕላስቲክ ሣጥን መሻገር ብቻውን የሚጨፈለቀውን ይቀንሳል። የዘሩም ምርጫ አለ፤ ብዙ የሚያፈራው ሽንኩርት ሁሉ ብዙ የሚቆይ አይደለም፣ ገበሬው የሚመርጠው ደግሞ የሚያፈራውን ነው፤ የሚቆየውን ቢመርጥ የሚያስቀምጥበት የለውምና። እዳም አለበት። የዘርና የመድኃኒት ብድር የሚከፈለው በነቀለበት ሳምንት ስለሆነ መጋዘን ቢሠራለት እንኳ ሁለት ወር የሚያስታግሰው ብድር ከሌለ ሽንኩርቱን መጋቢት ላይ ይሸጠዋል።

ስለዚህ የኔ ፍርድ ይህ ነው። ገበያውን ከፒያሳ ወደ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ማውረድ ተገቢ ነበር፤ የመንገዱን ችግር በከፊል ፈትቷል፤ የጊዜውን ግን አልነካውም። የሚቀጥለው ብር መውጣት ያለበት መቂ፣ ባቱና ፎገራ ላይ ነው፤ ለማድረቂያ ዳስ፣ ለማከማቻና ለአጭር ጊዜ ብድር። እርስዎም በሚቀጥለው ነሐሴ ጉልት ፊት ቆመው ዋጋውን ሲሰሙ፣ ባለፈው ሚያዝያ መቂ ላይ አንድ ኪሎ ሽንኩርት በስንት እንደተሸጠ ይጠይቁ፤ የወረዳ ተመራጭዎን ሲያገኙም ይህንኑ ይጠይቁት።